ለጸጉሬ ብዬ የገዛሁት ቅቤ

ባልና ሚስት ሁለቱም ሯጭ ከሆኑ አገሩ በሙሉ ዳኛ ነው። "ለመሆኑ ከሁለታችሁ ማን ይበልጥ ነበር?" ይሉኛል እስከ ዛሬ፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። በስንት ደቂቃ እንደገባን፣ ስንት ዋንጫ እንዳነሳን፣ ማን አውሮፕላን እንደተሳፈረ እያነሱ ያነጻጽሩናል። እኔ ሰባት ዓመት በደመወዝ ሮጫለሁ፤ ውጭ አገርም ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። እሱ የክለብ ማሊያ ለብሶ አንድ ቀን እንኳ አልሮጠም። በዚህ ከተለካ ነገሩ ያለቀለት ነው። እኔ ግን ድሮም ቱግ ባይ ነኝ፤ እንዲህ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። "እሱ ይበልጣል፤ አርፈህ ሻይህን ጠጣ" እላለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል። ትሕትናን ከየት አምጥቼ! የማውቀውን ስለማውቅ ነው።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፤ እሱ የሞጣ ቄስ ልጅ ነው። ቢቸና የመጣው የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኖ ሲቀጠር ነው። ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲሄድ እንኳ መራመድ አያውቅበትም፤ ይሮጣል። ሰው "ምን መዓት መጣ?" እያለ ዞር ብሎ ያየው ነበር። በአውራጃው ውድድር ሦስት ዓመት ተከታትሎ አንደኛ ወጣ። እኔ ሩጫ የጀመርኩት ከተጋባን በኋላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር በቅናት። ጎህ ሲቀድ ይወጣና ላብ አጥምቆት፣ ፊቱ በርቶ ይመለሳል። አንድ ቀን "ይህ ሰው የት የት ነው የሚለው?" ብዬ ተከተልኩት። የደብረ ወርቅን መንገድ ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ደረስኩበት። የሌላ ሴት ነገር ጠርጥሬ እንደመጣሁ ገባውና ሆዱን ይዞ ሣቀ። "መጥተሽ የለ፤ ነይ እንግዲህ" አለኝ።

በመጀመሪያው ዓመት ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። በሁለተኛው መጠበቁ አጠረ። በሦስተኛው ጎን ለጎን ሆንን። አተነፋፈስ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ዳገት ላይ አንገቴን እንዳልደፋ፣ ቁልቁለት ላይ ለፍጥነት እንዳልሳሳ የነገረኝ እሱ ነው። እኔ ከቁምጣው በላይ ቀሚስ ደርቤ ነበር የምሮጠው፤ ያም ሆኖ ከሰው አፍ አልዳንኩም። "እነዚህ ባልና ሚስት ማንን ገድለው ነው የሚሸሹት?" ይላል አንዱ ገበያተኛ። "ኧረ እሷ ናት የምታባርረው!" ይላል ሌላው። እሱ ይሥቃል፤ እኔ ድንጋይ አነሳለሁ።

ከዚያ የፈራነው መጣ። ደርግ ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና መመልመል ጀመረ። ለየቀበሌው ኮታ ይወርዳል፤ ኮታው ካልሞላ አፈሳ ነው። ከእኛ ሰፈር ከሄዱት የተመለሰ አንድም ሰው ገና አላየንም ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ባሌን ይወደው ስለነበር አንድ ቀን ሁለታችንንም ጠርቶ ቁርጡን ነገረን።

"ጓድ፣ ስምህ ዝርዝሩ ውስጥ አለ" አለው። "እኔ የምችለው እስከ ፋሲካ ማቆየት ብቻ ነው። ክለብ የተቀጠረ ሯጭ ግን አይነካም። የክለብ ደብዳቤ ካመጣህልኝ እሰርዝሃለሁ። ካላመጣህ በራስህ እግር ና፤ እባክህ ቤትህን አታስከብበኝ።"

ክለብ ያለው አዲስ አበባ ያለ፣ ደመወዝ ከፍሎ መኝታ ሰጥቶ የሚያስሮጥ ቡድን ነው። ከጎጃም አውራጃዎች አራት ወንድና ሁለት ሴት ሊመርጥ ሰዎች ልኮ፣ ሞጣ ላይ ውድድር ይደረጋል ተብሎ ነበር። አራተኛ ከወጣ ይተርፋል፤ አምስተኛ ከወጣ ይዘምታል። እኔም ተመዝግቤያለሁ፤ ነገር ግን የኔ ነገር ትዝ ያለው ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። እኔን ማን ጦር ሜዳ ይወስደኛል?

ጉዱ የመጣው ከቀኑ ነው። ውድድሩ በሁዳዴ ጾም ውስጥ፣ የገብር ኄር እሑድ ጠዋት ሆነ። ያኔ ስብሰባውም ውድድሩም ሆን ተብሎ በቅዳሴ ሰዓት ነበር የሚጠራው። ባሌ ደግሞ ጾም ላይ ቀልድ አያውቅም። በአዘቦት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም፤ ጠዋት ሮጦ፣ ቀኑን ሙሉ ተላልኮ፣ በዘጠኝ ሰዓት ያለ ቅባት የተሠራች ሽሮ ይበላል። አምስተኛው ሳምንት ላይ የጎኑ አጥንት ተቆጠረ። ጉንጩ ገባ። የቀድሞ የስፖርት አስተማሪዬ መንገድ ላይ አግኝቶት፣ "አንተ ሰው፣ ሯጭ ያለ እንቁላልና ያለ ሥጋ ናፍጣ ያለቀበት መኪና ነው!" አለው። ባሌ ሣቀ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

"ለንስሐ አባትህ ንገራቸውና ይፍቱህ" አልኩት። "የታመመ ይፈታ የለ?"

"እኔ ምን ሆንኩና?"

"ልትዘምት ነው! ከዚህ በላይ ምን በሽታ አለ?"

"አባቴ መቅደስ ቆሞ ሕዝቡን ጹሙ እያለ፣ እኔ እዚያው ከተማ ቅቤ በልቼ ልሩጥ? ተይኝ እባክሽ። ሰው በጾም አይሞትም" አለኝ።

በጾምማ አይሞትም። በጥይት ነው የሚሞተው። ይህን ግን አፌ ላይ አድርሼ ዋጥኩት።

ሐሳቡ የመጣልኝ ገበያ ነው። ሁዳዴ ላይ ቅቤ ገዢ የለውም፤ የሚሸጠው ሴቶች ለጸጉራቸው እንዲቀቡት ነው። አንዲት ሴት በቅጠል የጠቀለለች ለጋ ቅቤ ይዛ ተቀምጣለች። ዐይኔን ጥዬ አለፍኳት፤ ተመለስኩ፤ እንደገና አለፍኳት። በመጨረሻ ቁጢጥ አልኩና ሳትጠይቀኝ፣ "ለጸጉሬ ነው" አልኳት።

"ታዲያ በዚህ በሁዳዴ ለምንሽ ሊሆን ኖሯል?" ብላ ከት ብላ ሣቀች። ሌባ እንኳ እንደኔ አይፈራም።

ዐርብ ዕለት በአውቶቡስ ሞጣ ወረድን፤ ያረፍነው እናትና አባቱ ቤት ነው። በጥቅሌ ውስጥ ያቀፍኩት ቅቤ በመኪናው ሙቀት እንዳይቀልጥ መንገዱን ሙሉ ወደ ነፋሱ እያዞርኩ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አማቴን፣ "እማማ፣ እርስዎ ዛሬ ይረፉ፤ ወጡን እኔ ልሥራ" አልኳቸው። "ሯጭ በርበሬ አይስማማውም" ብዬ የእሱን በትንሽ ድስት ለብቻው ጣድኩ። ቅቤውን ጨመርኩና ነጭ ሽንኩርቱን ሳልራራ ደፋሁበት። ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ ነው፤ ቅመም የለው፤ በነጭ ሽንኩርት ከታፈነ ማን ያውቀዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጾም ማስገደፍ ኃጢአት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፤ ሰውየው ብቻ ይትረፍልኝ አልኩ። ለራሴ ግን ከትልቁ ድስት ነው የበላሁት። እኔ ጾሜን አልፈታሁም።

ወጡን ሳማስል አማቴ ከውጭ ገቡና አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። "ልጄ፣ ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ ልበል?"

ድስቱን ከደንኩት። "ጸጉሬን ተቀብቼ ነው እማማ።"

እውነቴን ነው፤ ለዚሁ ብዬ ጠዋት መሀል አናቴን ተቀብቼ ነበር። ከእሳቱ አጠገብ ስቆይ ቀልጦ በግንባሬ እየወረደ ነው። "እስቲ ነይ ላሽትሽ" አሉና ራሴን ይዘው አሸተቱኝ። "እሰይ፣ ለጋ ነው! ለጉድ ገበያ ወጥተሻል" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወጡ። እኔ ምድጃው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

አባቱ ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ ባሌ ለብቻው ነው የበላው። ቆሜ እያስተናገድኩ አፍ አፉን አየሁት። እስከ መጨረሻው ጠርጎ በላና "እጅሽ ይባረክ" አለኝ። ማታም ከዚያው ድስት አቀረብኩለት፤ እሱንም ጨረሰ። ተመስገን አልኩ። በሁዳዴ ሰው አስገድፋ ተመስገን የምትል ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እሑድ ጠዋት ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። አንድ የፓርቲ ሰው ረጅም ንግግር አደረገ፤ እኛ በብርዱ እየተንቀጠቀጥን አጨበጨብን። ሴቶች ቀድመን ሮጥን። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ጋር ነበር። ሁለተኛ ገባሁ። የክለቡ ሰው ስሜን እየጻፈ "ተመርጠሻል" ሲለኝ፣ "እሺ፣ እሺ፣ ወንዶቹ መቼ ነው?" ብዬው ሣቀብኝ።

የወንዶቹ ሩጫ ከሜዳው ተነስቶ፣ በመንገዱ ወጥቶ፣ ባሕር ዛፉን ዞሮ ተመልሶ ሜዳው ይገባል፤ አራት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛ ሆኖ መጣ። ቀለል ብሎት ነው የሚሮጠው፤ አንገቱ ቀና፣ ትንፋሹ የተረጋጋ። "ያ ቅቤ!" አልኩ በልቤ፤ ልጮህ ቃጣኝ። በሁለተኛው ዙር መሪ ሆነ። አማቴ እልልታውን አቀለጡት። "የኔ አንበሳ! የኔ አንበሳ!" ይላሉ። እኔ እጃቸውን ጨብጬ ጣቶቻቸውን ልሰብራቸው ነበር።

በሦስተኛው ዙር አንድ መጣ። ሁለት መጣ። ሦስት መጣ። እሱ የለም። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። "ልጄ የት ገባ?" አሉ አማቴ። ከባሕር ዛፉ በኩል ሮጠው የመጡ ሕፃናት እየሣቁ፣ "አንዱ ሯጭ ቁምጣውን ይዞ ጫካ ገባ!" አሉ። ሜዳው ሙሉ ሣቀ። ቆይቶ ወጣ፤ ሆዱን በእጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ይሮጣል። የመጨረሻውን ዙር እንዲህ ሆኖ ሮጠ። ሁለት ሰው ቀደመ፤ ሦስተኛውን ሊደርስበት ሲል መስመሩ አለቀ። ሰባተኛ ወጣ።

ቤት ገብቶ ተጋደመና አማቴ ሆዱን ያሹለት ጀመር። ፊቱ አመድ መስሏል። "ወይ ልጄ" አሉ እያሹት፣ "ልክ ተልባ ሳይጠጣ ጾም የፈታ ሰው ሆድ ነው የሆነው።"

ፋሲካ ሲነጋ መጀመሪያ ተልባ የሚጠጣው ለምን እንደሆነ የማያውቅ የጎጃም ልጅ አለ? ሁለት ወር ያለ ቅባት የቆየ ሆድ ቅቤ ድንገት ሲወርድበት ምን እንደሚሆን በየዓመቱ አይቻለሁ። እናቴ በየፋሲካው ለልጆቿ ሁሉ ተልባ በጥብጣ ሳታጠጣን እህል አታስነካንም ነበር። ይህን ሁሉ የማውቅ ሴት፣ ቅቤውን ስገዛ፣ ስደብቅ፣ ስጨምር፣ አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም። ያሰብኩት እንዳይሸት ብቻ ነው። ወደ ጓሮ ወጣሁና አፌን በነጠላዬ አፍኜ ራሴን በጥፊ መታሁ።

"ምን ሆነህ ነው?" አሉት አባቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ።

"ብርድ ነው አባባ። ሆዴን ብርድ መታኝ" አላቸው።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ሄደ። ማንም መጥቶ አልያዘውም፤ ቃሉን ጠብቆ በራሱ እግር ቀበሌ ሄደ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ልነግረው መቶ ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ መቶ ጊዜ ዘጋሁት። "እኔ ነኝ የላክሁህ" ብዬ እንዴት ልሸኘው? ክለቡ ይቅርብኝ ስለው ግን ተቆጣ፤ እሱ ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "አንቺ ከቀረሽ ሁለታችንም ነው የተሸነፍነው። ትሄጃለሽ!" አለ። የጭነት መኪናው ላይ ሲወጡ እናቶች ይጮኻሉ። እኔ መኪናው እስኪጠፋ ቆሜ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር "እህቴ፣ ግቢ በቃ" እስኪለኝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

እንግዲህ አነጻጽሩን። እኔ አዲስ አበባ በአሰልጣኝ ፊሽካ እነሳለሁ፤ እሱ ሰሜን በመድፍ ድምፅ ይነሳል። እኔ ስታዲየም ውስጥ ይጨበጨብልኛል፤ እሱ ምን እንደሚሰማ አላውቅም። አንደኛ ወጥቼ ሜዳሊያ አንገቴ ላይ ሲያጠልቁልኝ የሰረቅሁት ይመስለኝ ነበር። እኔ በጾሜ ሮጬ ተመረጥኩ፤ እሱን አስገድፌው ወደቀ። እግዚአብሔር ቆጥሮ ነው የከፈለኝ እል ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳ መናገር አቃተኝ። ደብዳቤው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ይመጣል፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። "እኔ ደህና ነኝ። በሩጫሽ በርቺ።" ሲዘገይ ሬዲዮ መስማት እተዋለሁ። ከመርዶው ይልቅ የምፈራው እሱ ሳይሰማው፣ እኔ ሳልነግረው መቅረቱን ነበር።

መንግሥቱ ሲወድቅ ወታደሩ ተበትኖ በእግሩ ወደየአገሩ ይጎርፍ ጀመር። እኔም ሞጣ ወረድኩና ከአማቴ ጋር በር በሩን እያየን ተቀመጥን። ያለፈውን ወታደር ሁሉ ውሃ እያጠጣን እንጠይቃለን፤ የሚያውቀው የለም። በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ግራ ጉልበቱን ፍንጣሪ መትቶታል፤ እግሩን እየጎተተ ነው። እማማ መሬት ላይ ተደፉ። እኔ አልሮጥኩም። ሯጯ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ሳምንት ቆይቶ፣ እደጅ ፀሐይ እየሞቀ ጉልበቱን ሲያሽ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አልኩት። "ከሰማህ በኋላ ብትፈታኝም አልፈርድብህም። የዚያ የሩጫው ዋዜማ፣ ሽሮህ ውስጥ ቅቤ ጨምሬ ነበር። ሆድህን ያመመህ እሱ ነው።"

ቀና እንኳ አላለም። "አውቃለሁ" አለ።

"ማን ነገረህ?"

"ምላሴ ነዋ! የቄስ ልጅ ቅቤ አያውቅም ያለሽ ማን ነው? ገና አንድ ጊዜ ስጎርስ ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን በላህ?"

ጉልበቱን ማሸት አቆመ። "ፈርቼ ነበራ" አለ። "ያን ያህል ጾሜ፣ ያን ያህል አፌን ሞልቼ ተናግሬ፣ መዝመቱን ከእግዚአብሔር ይልቅ ፈራሁት። ምናልባት ጉልበት ይሆነኛል ብዬ በላሁ። ብቻ ጉርሻ አልሰጠሁሽም፤ አንቺ እንኳ ጾምሽን እንዳትፈቺ ብዬ። አላስተዋልሽም?"

አላስተዋልኩም። አፍ አፉን ሳይ ውዬ፣ በየገበታው የማይቀርብኝ ጉርሻ መቅረቱን አላስተዋልኩም። ያኔ ደሜ ፈላ። ማልቀስ ሲገባኝ ጮህኩ።

"ሰባት ዓመት! እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ሰባት ዓመት ስቃጠል! አንዲት መስመር ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት?"

"ምን ብዬ? ደብዳቤያችንን የመቶ አለቃው ነው የሚያነበው። 'ስለ ቅቤው አትጨነቂ' ብዬ ብጽፍ የምስጢር ቃል ነው ብሎ ያስረኝ ነበር።"

ሳልወድ ሣቅ አመለጠኝ። "ቀልዱን ተው። ሳትሄድስ? ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ነበርክ።"

የእሱ ሣቅ ጠፋ። "ሳልሄድ ብነግርሽ አንቺ ክለብ አትገቢም ነበር" አለኝ። "እንዳወቅሁብሽ ካወቅሽ፣ እዚህ ጥግ ይዘሽ ስታለቅሺ ትኖሪያለሽ እንጂ አትሮጪም። አውቅሻለሁ። ስለዚህ ብርድ ነው አልኩ። እዚያ ሆኜ ደግሞ፣ ይኸኔ እየሮጠች ነው እያልኩ ነበር የምውለው።"

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ምን ያህል እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ እማማ ከቤት ብቅ ብለው አይተውን ተመልሰው ገቡ። እሱ የሚያለቅስ ሰው ማየት አይወድም።

"በይ ተነሺ" አለኝ። "ዛሬ ገና አልሮጥሽም።"